ሦስት፣ እንደገና ሦስት

በ1989 ዓ.ም. በበጋው ወራት፣ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን መምህር ሳሙኤል ቁልፉን ሰጠኝና፣ «እትዬ አስካለ፣ ማንም ጫማ አድርጎ እንዳይገባ። አቧራ ጠላታችን ነው» አለኝ። ጫማዬን የማወልቀው ቤተ ክርስቲያን ስገባ ብቻ ነበርና እግሬ ወለሉን ሲነካ ፈራሁ።

ሥራዬ ማሽኖቹን ማብራትና ማጥፋት፣ በጨርቅ መሸፈን፣ ለተማሪዎች ዲስኬት ማደልና መቀበል ነበር። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ሥራ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሳሙኤል ራሱ የጻፈው የቼዝ ፕሮግራም ነበረው። ማሽኑ እንደሚያሸንፍ ሲያውቅ «በሦስት እርምጃ ማት» ብሎ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ማት ማለት ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ይህ ከወጣ ተጫዋቹ እጅ ሰጥቶ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ መጫወት በእኛ ዘንድ ነውር ነበር። ስለዚህ የማሽኑን ማት እስከ መጨረሻው ያየ ሰው አልነበረም።

ኃላፊያችን ክፍሉን ሊዘጉት አሰቡ። «ማሽኖቹ የሚረቡ መሆናቸውን አሳዩኝ፤ አለዚያ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳሉ» አሉ። ክፍሉ ከተዘጋ የእኔም ሥራ ያበቃል።

ሳሙኤል ከማሽኑ ጋር እንዲጫወቱ ጋሽ ቶማን ተራራው ላይ ካለችው ጨንቻ አስመጣ። ሸማኔ ናቸው፤ ቼዝ የተማሩት በውትድርና ዘመናቸው ነው። በአካባቢው የሚረታቸው አልነበረም። ኃላፊው ባሉበት ከማሽኑ ጋር ገጠሙ። ብዙ ከተጫወቱ በኋላ «በሦስት እርምጃ ማት» የሚለው ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ቶማ አልተነሡም።

«ጋሽ ቶማ፣ አልቋል እኮ» አለ ሳሙኤል።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት ሞቴን ለማየት ነው። ይግደለኛ!»

ማሽኑ በንግሥቱ ቼክ ብሎ ንጉሣቸውን አስጨነቀ። ንጉሡ ሸሸ። ስክሪኑ «በሦስት» አለ። እንደገና ቼክ፤ ንጉሡ ተመለሰ። አሁንም «በሦስት»።

«ይሄ ማሽን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ያውቃል እንዴ? ነገ ተመለስ ይለኛል» አሉ ጋሽ ቶማ። ኃላፊው ሳይቀሩ ሳቁ።

ያው አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በቼዝ ሕግ ጨዋታው በአቻ አለቀ። ኃላፊው ሳቃቸውን አቁመው፣ «ነገ ጠዋት ማሽኖቹን የሚወስዱ ሸክመኞች ይመጣሉ» አሉ።

«ይቆዩኝ ጌታዬ፤ ማሽኑ አልዋሸም» አሉ ጋሽ ቶማ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጠጠሮቹን ደረደሩና በገዛ ንጉሣቸው ላይ ሦስቱን እርምጃ ተጫወቱ። ማት ነበር። «ባይነግረኝ አላየውም ነበር» አሉ።

አማተብኩ። ዓይን የሌለው ዕቃ ሰው ያላየውን አይቷል።

ኃላፊው ወደ ሰሌዳው ጎንበስ ብለው አዩና እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያው ነገ ራሱ ይጨርሰው። ካልጨረሰ ይነሣል።»

ሳሙኤል ስሕተቱን ከሰዓት በኋላ አገኘው። ማሽኑ ያየውን ማት ያስታውሳል፤ ርቀቱን የሚቆጥረው ግን መጀመሪያ ካየበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ወደ ማቱ ቢቀርብም ባይቀርብም ሁልጊዜ ሦስት ይመስለዋል። «እትዬ፣ ከጨንቻ ወደዚህ ወደ ሲቀላ ሰፈር እየወረድሽ የቀረሽን መንገድ ሁልጊዜ ከጨንቻ ብትለኪው፣ መቅረብሽን በምን ታውቂያለሽ?» አለኝና እስኪመሽ ድረስ አረመው።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ የያዝኩት ይህን ነው፦ ማሽን አደርጋለሁ ያለውን አድርጎ እስኪጨርስ ይታያል።

በማግስቱ ሸክመኞቹ በር ላይ ቆመው ነበር። ሳሙኤል የትናንቱን አቀማመጥ መልሶ አስገባ፤ የማስጀመሪያውን ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ እኔ ተጫንኩ። ሦስት አለ። ሁለት አለ። አንድ አለ። ከዚያ ማት። ኃላፊው «ማሽኖቹ እዚሁ ይቆዩ» ብለው ወጥተው ጫማቸውን አደረጉ። ሸክመኞቹን አሰናበትኩና ተማሪዎቹን አስገባሁ።