ያጠበቅኋት ፊደል

ሰዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በመጋዘን ጠባቂነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ማንበብን ያለ አስተማሪ ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምኩ አባት። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሦስተኛው በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጥግ የሚቀመጥ ጫማ ሰፊ ነው።

ልጄን ግጥም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ፣ አንድ ቃል ሲላላና ሲጠብቅ እንዴት ሁለት ነገር እንደሚናገር፣ እሑድ እሑድ አስቀምጬ አስረድቻታለሁ። ስትሳሳት አልፌያት አላውቅም። ምስጋና ልጅ ያበላሻል የሚል እምነት ስለነበረኝ፣ ሲሳካላትም ዝም እል ነበር።

አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች የማላውቀውን ስንኝ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የድልድዩ ጫማ ሰፊ ነው፣ አባዬ። ጫማ ሲጠግን ውስጡ ግጥም ጽፎ ይከታል።»

ፊቷ በርቶ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምራት እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም።

በማግስቱ ሄጄ ከማዶ ቆሜ አየሁት። ነውሩን ፍለጋ ነበር የሄድኩት፤ አልሸሽገውም። ቦታው ከአንድ አልጋ አይሰፋም፤ ታክሲው ሁሉ ጭሱን ይለቅበታል። እሱ ግን ጠርጎ፣ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ረጭቶበታል። ጫማዋን አውልቃ ለምትጠብቅ ሴት እግሯ መሬት እንዳይነካ ንጹሕ ካርቶን አነጠፈላት፤ ነጠላ ጫማም አቀበላት። ሲጨርስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ጫማዋ ውስጥ ከተተ። ሴትየዋ አንብባ ሳቀች፤ ወረቀቱንም አጥፋ እንደ ገንዘብ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረችው።

ነውር ብፈልግ አጣሁ። ማጣቴ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ። በክፉ ሰው የሚቀና የለም፤ ቅናት የሚያሳድደው ደጉን ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ደቂቃ እቆጥር ጀመር። ከጓደኞቿ ጋር እዚያ እንደምትቆም፣ የጻፈችውን ለእሱ እንደምታነብለት ደረስኩበት። ለእኔ ማንበብ ትታ ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ የገዛሁት ጫማ ጠቦኝ ተረከዜን ላጠው። ልጄ ሳልጠይቃት ወስዳ አሠራችልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሳጠልቀው ጣቴን ወረቀት ነካኝ። በሚያምር የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

እግር እየነከሰ ያስቸገረ ጫማ፣
ሰፊ ካላገኘ አይወጣም ከተማ።

«ሰፊ» የምትለው ቃል፣ ፊ ላልታ ስትነበብ ጫማ የሚሰፋው ሰው ነው። ጠብቃ ስትነበብ ግን የጠባብ ተቃራኒ ነው። እኔ አጠበቅኋት። ነካሹ ጫማ እኔ ሆንኩ፤ ልጄ ከጠባቡ አባቷ የሚሻል ሰፊ ሰው አግኝታለች ማለቱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወረቀቱን ጨብጬ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ልጄ «አባዬ፣ ቆይ!» እያለች ከኋላዬ ትሮጣለች።

«በገዛ ጫማዬ ውስጥ ትሰድበኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ።

ተቀብሎኝ ድምፁን አውጥቶ አነበበው። ልጄን ቀና ብሎ አየና ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።

«ጋሼ፣ ስድቡ የቱ ጋ ነው?»

«ወርቁ ውስጥ ነዋ!»

«እኔ እዚህ ያለኝ ሰም ብቻ ነው፤ እሱንም ክር ነው የምቀባው» አለ፣ ጥቁሩን ሰም አንሥቶ እያሳየኝ። «ወርቁን ከቤትዎ ይዘው መጥተው እንደሆነ እንጃ።»

ከተሰለፉት አንዱ «ጋሼ፣ ፊደሉንም እንደ ጫማው አጠበቁት እኮ!» አለ። ሳቁ ፈነዳ።

ወረቀቱን ነጥቄ ቦጫጭቄ እግሩ ሥር በተንኩት። «የሰው ሴት ልጅ ማባበያ ወረቀት ስታድል ሁለተኛ ባይህ ለደንብ አስከባሪ ነው የምሰጥህ!» አልኩት። ያኔ ሳቁ ቆመ። የተናገርኩት ሐሰት እንደነበር ስናገረውም አውቅ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ ቁርጥራጩን መልቀም ጀመረ።

ከልጄ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። በሩ ላይ ስንደርስ «የእኔ ነበር» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ግጥሙ። እኔ ነኝ የጻፍኩልህ። የእሱ ጽሕፈት ስለሚያምር ገልብጥልኝ ብዬው ነው።»

ብዙ ልላት ይገባኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ፊዋ ላልታ ነው ጠብቃ?» የሚል ነው።

«ቀደድከው እኮ» አለችና ገባች።

ድምሩ ይኸው ነው። ጫማ ሰፊው ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለኝ፤ ወረቀት መጻፉን ግን ተወ። ልጄ ዛሬ ሥራ ይዛለች፤ ግጥም ትጻፍ አትጻፍ አላውቅም። ለእኔ ስንኝ የሚያነብልኝ የለም። በዚያ ጥግ ጫማውን የሚያሠራ ሰው ሁሉ፣ ምን እንደቀረበት ሳያውቅ፣ ጫማውን ብቻ ተቀብሎ ይሄዳል።