ተቀምጦ የሚጠይቅ ሐኪም

እናቴ የሐሞት ከረጢቷን በቀዶ ሕክምና ያስወጣችው በጥቅምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር። እኔ ጀርመን አገር፣ ጊንሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ዕረፍቱ ባይሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት አልጋዋ አጠገብ መገኘት አልችልም ነበር። ቴርሚኑን፣ ማለትም ቀጠሮውን፣ ያስያዝኩት ራሴ ነኝ። የደም ምርመራውን፣ የመድን ወረቀቱን፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ የሰጣትን መጠይቅ በየቀናቸው ቅደም ተከተል ደርድሬ ይዤ ነበር። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ከሄደ ሰው አይጎዳም ብዬ የማምን ነኝ፤ ሙያዬም ጠባዬም ይኸው ነው።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ እናቴ ቪዚተውን እየጠበቀች ነበር። እዚህ አገር ሆስፒታል ተኝቶ ለማያውቅ ሰው ቪዚተ የሚባለውን ላስረዳ። ጠዋት ላይ ሐኪሞቹ በቡድን ሆነው ክፍል ለክፍል እየዞሩ ሕመምተኞቹን የሚያዩበት ሰዓት ነው። በር ይንኳኳል፣ መልስ ሳይጠበቅ ይከፈታል፣ አራት አምስት ሰው ነጭ ለብሶ ይገባል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል።

እናቴ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ የክት ሻሿን አስራለች። ከቤት ያስመጣችኝን ንጹሕ ነጠላ በብርድ ልብሱ ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በእጇ ታቃናለች። የጠጣሁበትን ስኒ እንዳነሳ፣ ካፖርቴን ከወንበሩ ላይ ወስጄ እንድሰቅል አዘዘችኝ።

«ሰው ሊመጣ ነው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሐኪሞች ናቸው እኮ።»

«ሐኪም ሰው አይደለም?»

አምስት ሆነው ገቡ። በዕድሜ ጠና ያሉት ሐኪም ከአልጋው ግርጌ ቆሙ። አንዲት ወጣት ሐኪም ስክሪን ይዛላቸዋለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከዚያ ላይ ሳያነሱ ዛሬ እንዴት ናት ብለው ጠየቁ። እናቴ ኤርፖርት በጽዳት ሥራ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ ይህንን ጥያቄ ለመረዳት እኔ አላስፈልጋትም። ቀና ብላ ተቀመጠችና በአማርኛ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ እንዴት ናችሁ? ልፋቱ እንዴት ይዟችኋል?» አለች።

ደህና ነኝ ማለቷን ተረጎምኩ። የቀረውን ተውኩት። ሰዎቹ ቸኩለዋል፤ የተጠየቀውን ብቻ መልሱ እያልኩ በየቀኑ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። ሐኪሙም ትኩሳት የለም፣ ሕመም የለም፣ ቁስሉ ጥሩ ነው፣ ነገ ወደ ቤት አሉ። ከገቡ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ።

በጣም ደስ አለኝ። ጋሉስ ሰፈር ያለው ቤቷ ደረጃው ብዙ ስለሆነ ማን እንደሚደግፋት፣ ማን እንደሚገዛዛላት በሐሳቤ እየመደብኩ ሳለ እጇን የምትቀባውን ቅባት ስጪኝ አለች። ከቦርሳዋ ውስጥ ስፈልግ አንድ የፓራሲታሞል ማሸጊያ እጄ ገባ። ከዐሥሩ ፍሬ አራቱ ወጥተዋል። ሆስፒታሉ የሰጣት አልነበረም፤ ከቤቷ ያመጣችው ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የራስ ምታት ነው። ተይው፣ አስቀምጪው።»

አጠገቧ የተኙት ጀርመናዊት አዛውንት የምንነጋገረውን ቋንቋ አያውቁም፤ ማሸጊያውን ግን አዩት። ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ነገሩኝ። እናትሽ ከትናንት ማታ ጀምራ ትንቀጠቀጣለች፣ አልጋው ሲነቃነቅ ይሰማኝ ነበር አሉ። ደወሉን ሊጫኑላት እጃቸውን ሲዘረጉ እናቴ በሁለት እጇ እየለመነች ከልክላቸዋለች። ጠዋትም ቪዚተው ከመድረሱ በፊት ሁለት ፍሬ ስትውጥ አይተዋል።

ወደ እናቴ ዞርኩ። ያላልኩትን ሰምታዋለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ እያተኮሰኝ ልቀበለው?»

«እማዬ፣ ትኩሳትሽን ሊያውቁ እኮ ነው የሚመጡት!»

«ቆሞ ለሚሄድ ሰው ሕመም ይወራል?» አለችኝ፤ ቅር ብሏት ነው እንጂ ተቆጥታ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው የልጅነቴ ሐኪም ትዝ ያሉኝ። ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ኖሬያለሁ። በጤና ጣቢያችን ሰው ሁሉ ዶክተር እያለ የሚጠራቸው ሰውዬ በእውነቱ ዶክተር አልነበሩም፤ በድሮው አጠራር ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ የወባ ክኒን ይሰጣሉ። ከተማው ግን በራሱ ሥልጣን ዶክተር ብሎ ሾሟቸዋል፤ እሳቸውም ሹመቱን ማስተባበል የሰለቻቸው ይመስለኛል።

ክፍላቸው ውስጥ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዱካዎች ነበሩ። ሕመምተኛው ገብቶ ሳይቀመጥ እሳቸው አይቀመጡም፤ ሁለቱም ሳይቀመጡ ደግሞ ምንም ነገር አይጀመርም። ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ይህ አይለወጥም። እናቴ ዱካው ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ጉልበቷን ተደግፌ እቆማለሁ፤ የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬን ይቆጠቁጠዋል። እሳቸው ብዕራቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ይጠይቃሉ። እንዴት ከረማችሁ? ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ? ደህና ናቸው። ዝናቡ ቡናውን አረገፈባችሁ? ብዙም አልጎዳው። ላሟስ ወለደች? በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጥያቄ ላይ እናቴ ነጠላዋን ትነካካለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ «ደህና ነኝ፤ ብቻ…» ትላለች። ያን ጊዜ ብዕሩ ይወጣል።

አንድ ቀን ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ዶክተር፣ ላሟን በኋላ ይጠይቁ፤ እኛ ሰዎቹ እየሞትን ነው!» ብሎ ጮኸ። ድሬሰሩ ቀና ሳይሉ፣ «ላሟ ታማ እሷ በምን ትድናለች?» አሉት። ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የጮኸውም አብሮ ሳቀ።

የኔን ጆሮ ለሁለት ክረምት ያከሙት እሳቸው ናቸው። ካርድ ሳያገላብጡ፣ ገበያ መሀል ከእናቴ ጋር ሲገናኙ፣ «የግራው ጆሮዋስ?» ይሏታል። የቱ ጆሮዬ እንደሆነ አባቴ እንኳ ይሳሳት ነበር።

አስተማሪ ነኝና የነገሩን ሌላ ጎንም መናገር አለብኝ። ድሬሰሩ መድኃኒታቸው ጥቂት ነበር። የባሰበት ሰው በሚኒባስ ተጭኖ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል፤ ሳይመለስ የቀረም አለ። የእናቴ ሐሞት ያኔ እዚያ ቢታመም ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም። ስለዚህ የዚያኛው ሕክምና ይሻላል አልልም። የምለው እሳቸው መጠየቅ ያውቁ ነበር ነው። በእኛ ዘንድ እንዴት ነሽ ማለት በር ማንኳኳት ነው። የመጀመሪያው «ደህና ነኝ»፣ «ማነው?» እንደማለት ነው። ሁለተኛው «ግቡ» ነው። ሦስተኛው «አረፍ በሉ» ነው። ሕመም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ በዚያ ጠዋት ገና በሩን እየከፈተች ነበር። ሐኪሙ አንኳኩተው ሄዱ፤ እኔ ደግሞ የእሷን ሰላምታ ውጬ በሩን ዘጋሁት።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ሽቬስተሯ፣ ማለትም ነርሷ፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ገብተዋል፤ ነገ በቪዚተ ንገሪያቸው አለችኝ። ነገ ደግሞ የምንወጣበት ቀን ነው። ትኩሳቷን እንድትለካልኝ ጠየቅኳት፤ ለካችና የለባትም አለች። መድኃኒቱ ገና እየሠራ ነበር። የክኒኑን ነገር ነገርኳት፤ ጻፈችው፤ ከሌላ ክፍል በደወል ተጠራችና ሄደች።

ጠዋት ስክሪኑን ይዛ የነበረችውን ወጣት ሐኪም ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ዳቦ ስትበላ አገኘኋት። ነገሩን ከመነሻው በቅደም ተከተል ላስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሰላምታው፣ ስለ ዱካው፣ ስለ ብዕሩ። ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ሲያርፍ ገባኝና አሳጠርኩት። እናቴ ትኩሳቷን በክኒን ሸፍናለች፣ ሌሊቱን ተንቀጥቅጣለች፤ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ገብተሽ ተቀመጪ አልኳት።

«ትኩሳት ቆሜም መለካት እችላለሁ» አለች፤ ደክሟታል እንጂ ክፋት አልነበራትም።

«ትችያለሽ። እናቴ ግን ለቆመ ሰው እውነቱን አትነግርም።»

ለአፍታ አየችኝ። የተረፈውን ዳቦ በወረቀቱ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ተከተለችኝ።

እናቴ ሐኪሟ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ስታይ ሻሿን አስተካከለች፤ በዓይኗ ደግሞ እኔን ገሰጸችኝ። ቀጥሎ ለእንግዳዋ ጭማቂ እንድቀዳ አዘዘችኝ። ሐኪሟ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ ተቀብላ ጠጣች።

«እናትና አባቷ አሉ ወይ በያት» አለችኝ እናቴ።

በዚህ ጊዜ አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ሐኪሟ እናቷ ገጠር ናቸው፣ አባቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፣ የሞቱትም ሆስፒታል ነው አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። አንቺ ነበርሽ ያስታመምሻቸው?»

ሐኪሟ አይደለሁም በማለት ራሷን ነቀነቀች። እዚህ ተረኛ ነበርኩ አለች። እናቴ እጇን ያዘችላት። የሐኪሟ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ ሳታየው አጠፋችው። ከዚያ እናቴ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «እኔም ደህና ነኝ፤ ብቻ እዚህ ጋ ትንሽ ይወጋኛል» አለች፤ ከቀኝ ጎድኗ ሥር አመለከተች። ብርድ ብርድ እንደሚላት፣ ሕመሙ እስከ ትከሻዋ እንደሚወጣ፣ ከትናንት ወዲያ እንደጀመራት አንድ በአንድ ተናገረች። በትርጉሜ ላይ የራሴን አንድ ማብራሪያ ጨመርኩ፦ እናቴ ትንሽ ስትል ብዙ ነው።

ሐኪሟ ያንን ቦታ ስትጫነው እናቴ አልጮኸችም፤ እጄን ግን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አልትራሳውንድ ክፍል ነበርን። ከቀዶ ሕክምናው ቦታ ሐሞት ፈስሶ ተጠራቅሞ፣ መመርቀዝ ጀምሮ ነበር። በቀጭን ቱቦ አወጡላት፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጀመሩላት። ጠና ያሉት ሐኪም ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጥተው ቤት ሄዳ ቢሆን ኖሮ አደጋ ላይ ትወድቅ ነበር አሉኝ። ከልባቸው እንደደነገጡ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ ይህንን ደግሜ ማለት እፈልጋለሁ። በኮሪደሩ ላይ ስንት በር እንዳለ ቆጥሬዋለሁ፤ በየበሩ አራት ጥያቄ ቢጠይቁ ምሽት ላይም አይጨርሱም።

እናቴ ዘጠኝ ቀን ተጨማሪ ተኛች። ወጣቷ ሐኪም በማግሥቱ ወደ ሌላ ፎቅ ተመድባ ሄደች፤ ቪዚተው እንደቀድሞው በቁም ሆነ። ዳግመኛ እንዳይሳሳቱ እኔ እናቴን ማስተማር ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ከመምጣታቸው በፊት እንለማመዳለን። ሐኪሙን ሆኜ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ እንዴት ነሽ እላታለሁ። ደህና ነኝ ካለች ከመጀመሪያ እንጀምራለን። «ተማሪዎችሽ እንዴት ነው የሚችሉሽ?» ትለኛለች። እየሳቀችም ቢሆን ተማረችው። ከዜሮ እስከ ዐሥር ካለው ቁጥር ሕመሟ የቱ ጋ እንደሚውል መናገር ለመደች።

በስምንተኛው ቀን እኔ እንኳ አላስፈለግኳትም። ጠና ያሉት ሐኪም ገቡ፣ ጠየቁ፤ እናቴ በጀርመንኛ፣ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ነው፣ ትናንት ግን አራት ነበር አለቻቸው። በጣም ጥሩ አሏት፤ የተከተሏቸውም ፈገግ አሉ። ነገ ትወጪያለሽ ብለዋት ሄዱ። እኔ ጎበዝ ተማሪ እንዳላት አስተማሪ ልቤ ሞላ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር ከእጄ ያመለጠ መሰለኝ። ያ ዱካ ላይ ተቀምጣ አራተኛውን ጥያቄ የምትጠብቀው፣ አንገቷን ደፍታ «ብቻ…» የምትለው እናቴ፣ በእኔው ልምምድ ትንሽ ቀነሰች።

እናቴ ነጠላዋን እያጠፈች ነበር።

«ሰውየው ልጆች አሏቸው?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

«ይህን ሁሉ ቀን ሆዴን ሲያዩ፣ እኛ ስለ ልጆቻቸው…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። ከዚያ በእጇ ወደ ጎረቤቷ አዛውንት እያሳየች የሳቸውስ ልጅ የትኛዋ ናት፣ ትናንት የመጣችው ናት ወይስ ከዚያ በፊት የመጣችው፣ ጠይቂልኝ እንጂ አለችኝ።