አቦይ ያልነገሩን የማሳ ስም

አቦይ የምንላቸው የእናቴ አጎት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጠየቃቸውን ሰው ሁሉ «ማን ላከህ?» ሳይሉ መልስ አይሰጡም ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ከቁሓ ወዲያ ካሏቸው ሦስት ማሳዎች በአንዱ ላይ ከሰማይ ጥቁር ድንጋይ ወደቀ። አቦይ አንስተው መቀሌ ቤታቸው አስገቡት። ወሬውን የሰማ አንድ ጣሊያን ከአስተርጓሚ ጋር መጣ።

«እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚጠራው በወደቀበት ቦታ ስም ነው። ማሳው ማን ይባላል?» አላቸው።

አቦይ ጠረጠሩ። «ዛሬ ስሙን ከጻፈ ነገ መሬቱን ይወስዳል» ብለው የሌለ ስም ፈጥረው ነገሩት። ሰውየው ያንኑ ጽፎ ድንጋዩን ይዞ ሄደ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ «አቦይ፣ አሁንስ እውነተኛውን ቦታ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺን ደግሞ ማን ላከሽ?»

ተቀየምኩ፤ ዳግመኛም አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ትናንት ከበኩር ልጃቸው ጋር ማሳዎቹን ልናይ ሄድን። ሦስቱንም ዞረን ስንጨርስ፣ «ድንጋዩ የወደቀው የቱ ላይ ነው?» አልኩት።

«እኔንም አላመኑኝም» አለና ፊቱን አዞረ።