ሁለተኛው ቁስለኛ

ባለፈው ወር ባለቤቴ አስሟ ሲነሳባት ከመሪ ሰፈር በታክሲ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ አንዲት ልጅ እግር ነርስ ፊቷን አየችና ስሟን እንኳ ሳትጠይቅ «እሳቸው ይቅደሙ» አለች። ተራ ይጠብቅ የነበረው ሁሉ አጉረመረመ። እኔም ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። ሆስፒታል በር ላይ የሚያስቀድሙት ሰው ያስፈራኛል። ምክንያት አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ሰው እንደ አውሬ በሚታደንበት ሰሞን፣ ከየካ ሚካኤል በላይ እንጦጦ ጥግ እንኖር ነበር። እኔ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ፣ ፊደል የማልለይ ጎረምሳ ነበርኩ። ሐምሌ ላይ አባቴ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ እርጥቡ ግንድ መጥረቢያውን አንሸራተተበትና ጭኑን ከፈተው። በነጠላ ጥብቅ አድርገን አስረን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ አወረድነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አንዱ ጎረቤታችን የገብስ ቆሎ እየቃመ ዝናቡንም፣ ቁልቁለቱንም ይረግማል። መንግሥትን ግን አይረግምም። መንግሥትን ጮክ ብሎ የሚረግም አልነበረም። አስፋልት ስንደርስ ደም ያየ መኪና ሁሉ ጥሎን አለፈ።

ቁስለኛን ነፋስና ዓይን እንዳያገኘው ከነፊቱ መሸፈን ወጋችን ነው። እኛም አባቴን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በጋቢ ጠቅልለነዋል። የሆስፒታሉ በር ላይ ጠመንጃ ያነገተው ጥበቃ አየንና፣

«ሬሳ በጓሮ ነው» አለ።

«ሬሳ አይደለም፤ አባቴ ነው።»

«ታዲያ ምን ትደብቃለህ? ግለጠው!»

«ነፋስ ይመታዋል፣ ጓድ።»

«ነፋስ ነው ጥይት?» ብሎ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ደንቡን የማያውቅ አልነበረም። ሌላ ቁስል ወደ ሐኪም፣ የጥይት ቁስል ወደ ደርግ ሰዎች ነው። ጋቢውን ጨምድጄ ያዝኩ። ይሄኔ አባቴ ከውስጥ፣

«አንተ ደንቆሮ፣ ልቀቀው! አፍነህ ልትገድለኝ ነው?» አለ።

ጎረቤቶቻችን በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቁ። ጥበቃው ግን አልሳቀም። አንዲት ጠና ያለች ነርስ ወጥታ ጭኑን አየችና «የመጥረቢያ ነው፤ አስገቡት» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ቃሬዛውን አስቀምጠን ተራ ስንጠብቅ አንድ ወጣት ግድግዳ እየተደገፈ ብቻውን መጣ። ጥበቃው ከእኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ሾልኮ ገብቶ መሆን አለበት። ካፖርቱን ሆዱ ላይ አጥብቆ ይዟል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጥበቃው ተከትሎት ደረሰ።

«ይሄስ?»

ነርሷ ካፖርቱን ገለጥ አድርጋ አየችና ቶሎ መለሰችው። እኔም አየሁ። መጥረቢያ ክብ ቀዳዳ አያወጣም።

«ይሄም የመጥረቢያ ነው። ከእነዚህ ጋር ነው የመጣው» አለች።

ጥበቃው ወደ እኔ ዞረ። «ዘመዳችሁ ነው?»

ሴትዮዋን ጠረጠርኳት። ልታስበላን ነው አልኩ በሆዴ። አዎ ብል አባቴንም ሳይታከም ይወስዱታል። «አናውቀውም» ልል አፌን ስከፍት አባቴ ከቃሬዛው ላይ ቀደመኝ።

«የወንድሜ ልጅ ነው። አብሮኝ ሲቆርጥ ነው።»

ጥበቃው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ምራቁን እንትፍ ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ነርሷም ልጁን አስቀደመችው። ቀድመን መጥተን እኛ ጠበቅን፤ ይሄም አንገበገበኝ።

አባቴ ተሰፍቶ ዳነ፤ እያነከሰ ብዙ ዓመት ኖረ። ልጁን ዳግመኛ አላየነውም፤ ይዳን ይሙት አላውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ፣ «ለማታውቀው ሰው ልታስጨርሰን ነበር!» ብዬ ጮህኩበት።

አባቴ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ አየኝ። «አላየኸውም እንዴ? የሚሸከመው ሰው እኮ አልነበረውም» አለኝ።

ባለቤቴ በዚያው ቀን ተሽሏት ወጣች። እኔ ግን እስክትወጣ ድረስ ከበሩ ዓይኔን አልነቀልኩም። ያቺ የድሮዋ ነርስ ደግ ትሁን ተንኮለኛ ዛሬም አልለየሁም። በጉልምስናዬ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ፤ ሰውን ማንበብ ግን አላስተማሩኝም። «ዘመዳችሁ ነው?» የሚል ዛሬ ቢመጣብኝ ምን እንደምመልስ እርግጠኛ አይደለሁም።

ያኔ እርግጠኛ ነበርኩ።