ቀኝ ክርኔና አባቴ

ቀኝ እጄ አፌ አይደርስም። እንጀራ ቆርሼ ላነሳ ስል ክርኔ አልታጠፍ ብሎ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በግራዬ ነው የምበላ። በእኛ በደንቢያ በግራ የሚበላ ሰው እንዴት እንደሚታይ እኔን ጠይቁኝ። አንድ ሠርግ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ፊቷን ያዞረችብኝን ሴትዮ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋትም። ቂመኛ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከቆላ ድባ እህል አስፈጭተን ስንመለስ ከአህያ ላይ ወደቅሁ። እጄን ዘርግቼ ስለ ወደቅሁ ክርኔ ወለቀ። ተሸክመው ያደረሱኝ አባቴ ዘንድ ነው፤ በዙሪያው አሉ ከሚባሉት ወጌሾች ቁንጮው እሱ ነበርና። ወለምታ የያዘው፣ ትከሻው የወለቀ፣ በሬ የረገጠው ሁሉ እኛ ደጅ ነበር የሚሰለፍ። አባቴ እየቀለደ ነው የሚሠራ። "አያ፣ በሬው ነው ወይስ ሚስትህ የጣለችህ?" ይላል፤ ሰውዬው ሊስቅ አፉን ሲከፍት፣ ቀጭ! ትከሻው ቦታው ገብቷል።

የኔንም ክርን እንዲሁ ባንድ ጊዜ መለሰው፣ ሸጋ አድርጎ። ያኔ በነጠላ አንጠልጥሎ ቢተወኝ፣ በራሴ አቅም ቀስ እያልሁ አጥፌ እየዘረጋሁ እለማመደው ነበር። ግን ልጁ ነኛ! ለባዳ ሦስት ቀን የሚያሸውን ለኔ ሁለት ወር አሸው። ጧት ጧት ቅቤ አቅልጦ በአውራ ጣቶቹ ሲጫነኝ፣ ክርኔን በግድ ሲያጥፈው፣ ጩኸቴ ጎረቤት ይሰማ ነበር። እሱም አብሮኝ ያለቅሳል። "ቻይኝ እናቴ፣ ሊፈታልሽ ነው" ይለኛል። አልተፈታም። እያደር እንደ እንጨት ደረቀ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ገብቼ ስለ መገጣጠሚያ መማር ስጀምር ነገሩ ተገለጠልኝ። ትከሻ በየአቅጣጫው ይዞራል፣ ስለዚህም ቶሎ ይወልቃል። ክርን ግን እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ቁጡ ነው። ተጎድቶ ያበጠ ክርን በኃይል ሲታሽና ሲጎተት፣ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል። መምህሬ የኔን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። መኖር የሌለበት አጥንት ክርኔ ላይ ጉብ ብሏል። አባቴ ባይወደኝ ኖሮ ዛሬ እጄ ይታጠፍ ነበር። ራጁን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ምን ነበረበት ለራሴ ይዤው ብቀመጥ! ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። ግቢው ሰው ሞልቷል፤ አባቴ የአንዲት ጎረቤታችንን ያበጠ ክርን ይዞ ቅቤ ሊቀባ ነው። ደሜ ፈላ።

"ተው አልሁህ! የኔንም ያደረቅኸው አንተ ነህ!"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እውነቴን ነበር፤ ሴትዮዋን ማሸት አልነበረበትም። ግን ገለል አድርጌ ብነግረው ምላሴ ይቆረጥ ነበር? ከአፍ የወጣ አፋፍ። አባቴ እጁን አነሳ፣ በጋቢው ጠረገ፣ "ሐኪም ቤት ውሰዷት" አለና ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልነካም። ውልቃት ይዘው ሲመጡ "እኔ አላውቅም፤ የምታውቅ ልጄ ናት" እያለ ይሸኛቸዋል። ስንቴ ለመንሁት! "አባዬ፣ ትከሻ እንዳንተ የሚመልስ የለም እኮ። ማሸቱን ብቻ ተው" እለዋለሁ። "እሺ ልጄ" ይላል፤ አይሠራም። ስለ ክርኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አንስቶ አያውቅም። እኔም ይቅርታ መጠየቁን ዛሬ ነገ እያልሁ አቆየሁት። ኩራት ይሁን እፍረት፣ እንጃ።

እናቴ ካረፈች በኋላ መርሳት ጀመረ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ አመጣሁት። መጀመሪያ የሰው ስም ረሳ፣ ቀጥሎ የእናቴን ሞት፣ በመጨረሻ እኔን። ቤት ተቀጥራ የምታስታምመው ሴት እመስለው ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላበላው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የራሴ አፍ ባይደርስም የሰው አፍ የሚደርሰውን ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። አልጎረሰም። ክርኔን ያዘ። ጣቶቹ አልረሱም ነበር፤ አውራ ጣቱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያ አጥንት ላይ አረፈ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"ምነው ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?"

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለስሁት።

"አሽተው አሽተው ነው ያደረቁሽ። ምነው እኔ ዘንድ ባመጡሽ! እኔ አድንሽ ነበር።" ከዚያ ተቆጣ፤ ድምፁ የድሮው ድምፅ ሆነ። "ይህን ክንድ የነካ እጁ ይድረቅ!"

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅም ሲረግምም የሰማ ሰው አሜን ይላል። አባቴ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ" አልሁት። ስንት ዓመት ያቆየኋት ቃል ያን ጊዜ ወጣች።

"አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?" አለኝ። "አሜን በይ እንጂ።"

አላልሁም። የረገመውን እጁን ስቤ ሳምሁት።