የፋይናንስ ቢሮው ተከተበ

ዛሬ ጠዋት የናሙና መውሰጃውን እንጨት አፍንጫቸው ውስጥ ሳስገባ አንድ አዛውንት ቡና ለቃሚ ፊቴ ላይ አስነጠሱብኝ። ልክ በዚያች ቅጽበት የጤና ጣቢያችን ኃላፊ በሩን ከፈት አድርገው የኢንፍሉዌንዛ ክትባቱ ማለቁን ነገሩኝ።

በለቀማ ወቅት ሠራተኛው በየመጋዘኑ ተደራርቦ ስለሚያድር ጉንፋኑ ይበረታል። እኔ ከሚያስሉት ሰዎች ናሙና እየወሰድኩ ጅማ ወዳለው ላቦራቶሪ እልካለሁ። የመጣችው ጥቂት ክትባትም ለእኛ ለናሙና ወሳጆቹ ነበረች።

«ለማን ተሰጠ?» አልኳቸው።

«ለፋይናንስና ለግዥ ሰዎች። ቢሯቸው ብርድ ይገባዋል። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ብዪ።»

ሰውየው እንደ እኔው ጤና ነው የተማሩት! ብርድ ጉንፋን የሚያስይዝ ቢሆን ኖሮ ክትባቱ የተቀመጠበት ፍሪጅ ሲያስነጥስ በሰማነው ነበር።

አዛውንቱ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አፉ በዪኝ» አሉኝ። «ወላሂ አለመከተብሽን ባውቅ ኖሮ አፍንጫዬን ይዤ እመለስ ነበር።»

ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቤት አስም ያለባት እናት አለችኝ። በሽታ ይዤባት እንዳልገባ ስለፈራሁ ዛሬ የማድረው ጓደኛዬ ጋ ነው።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ ከሰው በፊት ቢሮ ተከትቦ ያውቃል? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልናደድ።

ለኃላፊው ግን ነግሬያቸዋለሁ፦ ከእንግዲህ ሳልከተብ የማንንም አፍንጫ አልነካም። ነገ የተከተቡት የፋይናንስ ሰዎች ይምጡና ናሙና ይውሰዱ።