ድምፅ የሌላት ፍየል

ጥያቄውን ያመጣችው እናቴ ናት። ታይዋን ከሚባለው ገበያ፣ ከሱቋ ይዛ የመጣችውን የልጆች ሸሚዝ አልጋዬ ላይ እያጣጠፈች፣ በአገጯ ወደ ታብሌቴ ጠቆመችና፣

«ይሄን የምትስይውን ማን ነው የሚያየው?» አለችኝ።

«ልጆች።»

«የትኛው ልጅ?»

ታብሌቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እሷም ሌላ አልጨመረችም፤ ሸሚዞቿን ይዛ ወጣች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ድሬ ከተመለስኩ ወዲህ የምሠራው አንድ ነገር ነበር፦ ለልጆች የሚሆን የሥዕል ታሪክ እየሳልኩ በስልክ እንዲነበብ ቻናሌ ላይ መልቀቅ። ታሪኩ የአንዲት ፍየል ነው። እኛ ከተማ ፍየል በየመንገዱ ካርቶን እየበላች ትዞራለች። የኔዋ ፍየል በእግር መዞር ሰልችቷት ባጃጅ መሳፈር ፈለገች፤ ሹፌሮቹ ግን አያቆሙላትም። በየሳምንቱ አንድ ክፍል እለቅ ነበር፤ የምለቀውም ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን በሚከፍትበት በምሽት ነው።

ተመልካች አልጠፋም። አብረውኝ የተማሩት በልብ ምልክት ያጥለቀልቁኛል፤ «ልጅነቴን አስታወስሽኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ በዚህ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ከጠየቀችኝ በኋላ ግን አስተያየቶቹን እንደገና አነበብኳቸውና ከፋኝ። ልጅነቱን የሚያስታውስ ሰው ልጅነቱን የጨረሰ ሰው ነው። ከሚያዩኝ መካከል አንድም ልጅ አልነበረም። እንዴትስ ይኖራል? ልጆች የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ በምሽት ደግሞ ስልኩ በአባትና በእናት እጅ ነው።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ሊያስቀጥረኝ ላይ ታች እያለ ነበር። «ለቃለ መጠይቅ ይደውሉልሻል» ብሎኛል። ለማንም ሳልናገር ከራሴ ጋር ተስማማሁ፦ ስልኩ እስኪደወል ድረስ የፍየሏን ቀጣይ ክፍል የሚጠብቅ አንድ ልጅ ካገኘሁ እቀጥላለሁ፤ ካላገኘሁ ቻናሉን ዘግቼ በሰላም ሥራዬን እገባለሁ። አንድ ልጅ ብቻ።

ልጅ የሚገኘው ትምህርት ቤት ነው ብዬ ፍየሏን በወረቀት አሳትሜ ወደ አንድ ትምህርት ቤት በር ሄድኩ። ልጆቹ ሲለቀቁ ወረቀቱን አድላለሁ ብዬ ነበር። ቀድሜ ስለደረስኩ በሩ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ሥር ቆምኩ፤ ሙቀቱ አላስቆመኝ ሲል ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ጥበቃው ከወንበሩ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና ጠራኝ።

«ልጅ አለሽ እዚህ?»

«የለኝም።»

«እህት? ወንድም?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

ዓይን አፋር ሰው ሲደነግጥ ከአፉ የሚወጣውን አይመርጥም። «ልጆች እየፈለግኩ ነው» አልኩት።

ሰውዬው ከወንበሩ ተነሳ። ወረቀቱን ላሳየው ቦርሳዬን ስከፍት ጭራሽ ወደ ኋላ አለና «ቦርሳውን ዝጊ!» አለኝ። ዘጋሁ። የመጀመሪያው ልጅ ከበሩ ሳይወጣ እኔ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ወረቀቶቹን ቤት ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትኳቸው።

ቀጥሎ ታይዋን ሄድኩ። ከእናቴ ሱቅ ራቅ ብሎ ስልክ የሚጠግንና ፊልም የሚጭን ወጣት አለ። እናቶች ስልካቸውን ይሰጡታል፣ እሱ ለልጆቻቸው ካርቱን ሞልቶ ይመልስላቸዋል። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ ተመለስኩ። በመጨረሻ ታብሌቱን አውጥቼ ፍየሏን አሳየሁት። በጣቱ እየገፋ ጥቂት ገጽ ተመለከተ፤ ፍየሏ ባጃጁን በቀንዷ ልታስቆም ስትሞክር ፈገግ አለ።

«አቦ ቆንጆ ነው። ድምፁ የታለ?»

«ድምፅ የለውም። የሚነበብ ነው።»

«የሚነበብ?» ሳቀ። «እህቴ፣ ልጆች እኮ ጩኸት ነው የሚፈልጉት። ድምፅ የሌለውን ማን ያስጭነኛል? ድምፅ አድርጊበትና አምጪው፤ ወላሂ ለሁሉም እጭንልሻለሁ።»

አመንኩት። ሥራው ነው፣ ደንበኞቹን ያውቃል። ቤት ስገባ ቁልጭ ያሉትን ሥዕሎቼን በታትኜ ቪዲዮ ማድረግ ጀመርኩ። የፍየል ድምፅ ከኢንተርኔት መውሰድ ስችል «የድሬ ፍየል ድምፅ መሆን አለበት» ብዬ ስልኬን ይዤ ሰፈራችን ውስጥ ፍየል ስከተል ዋልኩ። ስጠጋቸው ዝም ይላሉ፣ ስርቅ ይጮኻሉ። በስተመጨረሻ በአንዷና በግልገሏ መሃል ድንገት ስገባ እናትየው ፊቴ ላይ ጮኸችብኝ፤ እሱን ቀዳሁ። ቪዲዮው ላይ ሙዚቃ ጨመርኩ፣ የባጃጅ ጥሩንባ ጨመርኩ። ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ እንደገና እቆርጣለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር የኢንዱስትሪ ፓርኩ ጥሪ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር።

ስልክ ጠጋኙ ለሁሉም ከመጫኑ በፊት አንድ ልጅ ሲያየው ማየት ፈለግኩ። እንደ እናት አክብሬ «አዴ» የምላት ጎረቤታችን ሦስት ልጆች አሏት፦ አንዲት ሴትና ሁለት ትንንሽ ወንዶች። ቤታችንን የሚለየው አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው። ምሳ ከተበላ በኋላ ሳምቡሳ የላከችበትን ሰሃን ለመመለስ ሰበብ አድርጌ ሄድኩ።

ድሬን የሚያውቅ ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ከምሳ በኋላ ከተማው ይዘጋል። ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፤ የደከመው ይተኛል፣ ያልተኛው ይቅማል፣ መንገዱ ለፍየሎች ይቀራል። የጎረቤታችን ባል ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ የሱ ሌሊት ይህ ሰዓት ነው። ሲተኛ ስልኩን ለልጆቹ ትቶላቸው ይገባል፤ ዝም እንዲሉ። ይህን ሁሉ ተወልጄ ያደግኩበት ስለሆነ አውቀዋለሁ። በዚያን ቀን ግን ከጭንቀቴ ብዛት ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

«ግቢ፣ ግቢ፤ ቀስ ብለሽ» አለችኝ ጎረቤታችን በሹክሹክታ። ልጆቹ አባታቸው ከተኛበት መጋረጃ ወዲህ ምንጣፉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ስልኩን ከበውታል።

«አዴ፣ አንድ ነገር ላሳያቸው?»

«አሳያቸው፤ ምን ችግር አለው።»

ቪዲዮውን ወደ አባታቸው ስልክ ላክሁት። ልጅቷ ተቀብላ ከፈተችው። ቀድሞ የሚመጣው የፍየሏ ድምፅ ነበር፤ ፊቴ ላይ የጮኸችብኝ ያች ፍየል፣ ስልኩ በቻለው አቅም ሁሉ፣ ዝም ባለው ቤት ውስጥ ጮኸች።

ከመጋረጃው በስተጀርባ የአልጋ ሲጥታ ተሰማ።

«ፍየሉን ማን አስገባ?!»

ልጅቷ ድምፁን ልትቀንስ ስትል ይበልጥ ጨመረችው። ፍየሏ ደገመች። አባትየው ዓይኑን ሳይከፍት፣ ሽርጡን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አንስቶ ወጣ። ጥግ ጥጉን፣ ጠረጴዛ ሥር፣ ከበር ኋላ ፍየል ይፈልጋል። ትንሹ ልጅ በሳቅ ሊፈርስ ነው፤ ትልቁ አፉን በእጁ አፍኖታል።

«የታለች? ሩዙን በላችው?»

«ፍየል የለም፤ ሂድ ተኛ» አለችው ሚስቱ፤ ስልኩን ከልጆቹ ቀምታ ቀሚሷ ውስጥ ከተተች። እሱ እኔን አየኝ፣ ነጠላ ጫማውን አየ፣ ምንም ሳይል ተመልሶ ገባ። እኔም ሰሃኑን እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይዤው መመለሴን ያወቅኩት እናቴ «ሰሃኑን አልወሰድሽም እንዴ?» ስትለኝ ነው።

በማግስቱ ከክፍሌ አልወጣሁም። ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ መጋረጃውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ቻናሉን ለማጥፋት ከፍቼ የማጥፊያው ምልክት ላይ ጣቴን አድርጌ ነበር። ያን ጊዜ ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆማ ጠራችኝ።

«አንቺ! ምነው ጠፋሽ? እነዚህ ልጆች ፍየሏን አምጪ እያሉ ሊያሳብዱኝ ነው።»

«አዴ፣ ትናንት ስለሆነው በጣም ይቅርታ...»

«እሱን ተይው፤ እሱ በሕልሙም ፍየል ነው የሚያባርረው። ይልቅ ስሚኝ፣ ድምፅ የሌላት ፍየል የለሽም?»

መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝና እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ሳቅኩ። በዚህ ከተማ ልጆች ስልክ የሚይዙበት ሰዓት አንድ ነው፤ እሱም ድምፅ የተከለከለበት ሰዓት ነው። ካርቱኑ ሁሉ ይጮኻል፣ ጨዋታው ሁሉ ይጮኻል። የኔ ፍየል ግን ድሮውንም ዝምተኛ ነበረች፤ እኔ ነኝ ድምፅ ያወጣሁላት።

የድሮዎቹን ክፍሎች ከመጀመሪያው ጀምሬ ላክሁላቸው። ከምሳ በኋላ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አዳመጥኩ። ልጅቷ ለወንድሞቿ በሹክሹክታ ታነባለች። አንድ ቦታ ላይ «ፍየሏም በትካዜ ተውጣ አስፋልቱን ተመለከተች» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ያን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳስተካከልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ ማንበቧን ትታ ለትንሹ በኦሮምኛ «ሬኤን ደለንቴ» አለችው፤ ፍየሏ ተናዳለች ማለቷ ነው። ሥዕሉን አውጥቼ አየሁት። እውነትም ፍየሏ የተናደደች ትመስላለች። ትካዜው የኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቃላቱን እየቀነስኩ ሥዕሉን እያበዛሁ ሄድኩ። የምለቅበትንም ሰዓት ከምሽት ወደ ምሳ በኋላ አዞርኩት። የተማሪ ቤት ጓደኞቼ «ምነው ጽሑፉ አነሰ?» አሉኝ፤ አንዳንዶቹም መምጣት አቆሙ። በግድግዳው ማዶ ግን «ጨሊሲ፣ ዝም በል፣ አባ ይነሳል!» የሚለው ሹክሹክታ አልተቋረጠም። ቢሆንም ልቤ አላረፈም። ፍየሏን ወደዷት ወይስ ሌላ የሚያዩት ስለሌላቸው ነው? ጎረቤት ስለሆንኩ ነው? ቀጣዩን በእርግጥ ይጠብቃሉ? እንዳልጠይቃቸው አፍራለሁ።

ፍየሏ በመጨረሻ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገብታ፣ ሹፌሩም ዞር ሳይል የነዳበትን ክፍል በለቀቅኩ ዕለት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ስልክ ተደወለ። ቃለ መጠይቁ በሳምንቱ፣ በስምንት ሰዓት፣ ልክ ቀጣዩን ክፍል በምለቅበት ቀን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ምንም ሳልስል ቀኑ ደረሰ።

መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ፣ የሸሚዜን አንገት እያስተካከልኩ ተራዬን ስጠብቅ ስልኬ ነዘረ። ከጎረቤታችን ባል ስልክ የመጣ የድምፅ መልእክት ነበር። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። የልጅቷ ሹክሹክታ ነው፤ አባቷ ከመጋረጃው ማዶ እንደተኛ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«አልመጣም እኮ። እኛ እየጠበቅን ነው። ሹፌሩ አያት ወይስ አላያትም? ትንሹ ወንድሜ 'አይቷታል' ይላል፣ እኔ 'አላያትም' ነው የምለው።»

ደግሜ ሰማሁት። ወዲያው ስሜ ተጠራ።

ጠያቂው ወረቀቶቼን አገላብጦ፣ «ከተመረቅሽ ወዲህ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ የምሰጠው መልስ «ምንም» ነበር።

«ለልጆች የሥዕል ታሪክ እሠራለሁ። በስልክ የሚነበብ።»

«ሰው ያነበዋል?»

«ያነባሉ። የጎረቤታችን ልጅና ሁለት ወንድሞቿ ያነባሉ። አሁን እየጠበቁኝ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቀልድ መሆኑን ለማጣራት ይመስለኛል። ሌላም ጥያቄ ጠየቀኝ፣ እኔም መለስኩ፤ ምን እንዳልኩ ግን ዛሬ አላስታውስም። «እንደውልልሻለን» አለኝ። እየሮጥኩ ወጣሁ።

በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ፍየሏ ብትሆን እግሯን የት እንደምታደርግ አያለሁ፤ ብረቱን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ፣ ወደ ጥግ እሸሻለሁ። ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝና «ወንበሩ አልተመቸሽም?» አለኝ።

«ተመችቶኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከኋላህ ፍየል ብትቀመጥ ታያታለህ?»

«በጠረኗ አውቃታለሁ አቦ! ማየት ምን ያደርጋል?»

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ሳልኩ። ሹፌሩ በመስተዋቱ ሁለት ቀንድ ያያል፣ አፍንጫውን ይይዛል፤ ፍየሏ ግን ተሳፋሪ እንደሆነች ሁሉ ወደ ውጭ እያየች ነው። አንድም ቃል አልጻፍኩበትም። ላክሁት።

እናቴ ከሱቅ ተመልሳ የክፍሌ በር ላይ ቆማ ነበር። «እንዴት ሆነልሽ?» ልትለኝ አፏን ስትከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩና ግድግዳውን አሳየኋት። መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ ግድግዳው አዘነበልን። ከዚያ ትንሹ ልጅ፣ «አየሽ! አይቷታል ብዬሽ ነበር!» አለ፤ ሹክሹክታውንም ረሳው። በእጅ የታፈነ ሳቅ ተከተለ፣ ቀጥሎም የአልጋ ሲጥታ።

«ዛሬም ፍየል ገባ?» አለ አባትየው፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ።

«አልጮኸችም እኮ አባ!» አለችው ልጅቷ።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ቀጣዩን ክፍል ጀምሬያለሁ።